ስንት ጎራሽ ነው?

በዚያ ክረምት «ስንት ጎራሽ ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ ፍጡር ቢኖር የአባቴ ውሻ ብቻ ነው። ባለሱቁ ጠየቀኝ። የቀበሌው ጸሐፊ ጠየቀኝ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው እንኳ ጭኔ ላይ በጆንያ የተጠቀለለውን ነገር በክርኑ ነካ አድርጎ ጠየቀኝ። በእኛ አገር አንድ ጠመንጃ ከየት መጣ፣ ለምን ተገዛ ከመባሉ በፊት በአንድ ጊዜ ስንት ጥይት እንደሚጎርስ ነው የሚጠየቀው። «አንድ ጎራሽ ነው፤ እሱም በአየር የሚሠራ፣ የወፍ» ስል ሁሉም ፊት ላይ ያው አንድ ዓይነት ፈገግታ ይመጣል። ያን ፈገግታ እስኪያንገሸግሸኝ ድረስ አይቼዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ የጠመንጃ ሳይሆን የዘር ጉዳይ ነበር። አባቴ የሚኖሩት ከገሳይ ወደ ጉና በሚያወጣው በኩል፣ ከመኪና መንገድ አርባ ደቂቃ በእግር ተሂዶ ነው። እዚያ ከሌላው ሁሉ በወር ቀድሞ የሚደርስ ገብስ ይዘራሉ። ስሙን «ደራሽ» ይሉታል። ቀድሞ ስለሚደርስ ነው፤ ደግሞም የአምናው እህል አልቆ ጎታው ሲራቆት ለሰው ስለሚደርስ ነው። በልጅነቴ መንደሩ ሁሉ ይዘራው ነበር። ኋላ ግማሹ ድንች ገባ፣ ግማሹ ባሕር ዛፍ ተከለ፣ የቀረው ምርት ይበዛለታል የተባለውን አዲስ ዘር ወሰደ። ደራሽ በአባቴ ግማሽ ጥማድ ማሳ ላይ ብቻውን ቀረ።

ብቻውን መቅረቱ ደግሞ ጠላት አበዛበት። ሌላው ማሳ ገና አረንጓዴ ሳለ እሱ ብቻውን ወርቅ ሲመስል ከየገደሉና ከየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሚነሣው ርግብ ሁሉ እሱው ላይ ይወርዳል። «ድሮ ወፉ ቤት ለቤት እየዞረ ይቀምስ ነበር፤ አሁን ድግሱ አንድ ቤት ሆነ» ይላሉ አባቴ። አምና በደረሰ ጊዜ እሳቸው ከማማው፣ ማለትም ወፍ ከሚጠብቁበት የእንጨት ቆጥ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተጎዳ። ሦስት ሳምንት ሲተኙ ርግቡ ማሳውን አጸዳው። ለዘር የተረፈው አንድ ትንሽ ስልቻ አይሞላም። ያችኑ ዘንድሮ ዘሯት። እሷም ከተበላች ደራሽ የሚባል ገብስ በሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ በእኛ ቤት ግን አለቀለት ማለት ነው።

«ሰው እንቅጠር» ብላቸው «ቅጥረኛ የሰው ዘር አይጠብቅም» አሉኝ። ማስፈራሪያ ሠራንና የእሳቸውን አሮጌ ኮት አለበስነው፤ ርግቦቹ ትከሻው ላይ እየቆሙ ያርፉበት ጀመር። ወንጭፍ ትከሻና ወገብ ይፈልጋል፤ ከወደቁ ወዲህ አባቴ በከዘራ ነው የሚሄዱት። እንግዲህ ቁጭ ብሎ የሚሠራበት መሣሪያ ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ። እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ ለማንኛውም ችግር መሣሪያ አለው ብሎ የሚያምን ሰው ነኝ። ይኼ አመሌ ብዙ ጊዜ አዋርዶኛል።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ በዚያን ጊዜ ለራሴም አልነገርኩትም። በአባቴ ቤት ምሰሶ ላይ ባዶ ኩላብ አለ። እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ድረስ ከዚያ ኩላብ ላይ አምስት ጎራሽ ጠመንጃ ተንጠልጥሎ አድጌያለሁ። ኮሌጅ የገባሁ ዓመት ወረደና ወደ ገበያ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ኩላቡ ላይ ምንም ነገር አልተሰቀለም። አባቴ ስለዚህ ጉዳይ ቃል ተናግረው አያውቁም። ጎረቤታችን ግን፣ ያኔም ነገረኛ ዛሬም ነገረኛ የሆኑት ሽማግሌ፣ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር «አምስት ጎራሹን የጎረሰችው መጣች!» እያሉ መንደሩን ያስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ማታ ግን እህል አይወርድልኝም ነበር።

ፍለጋውን የጀመርኩት በሰኔ ነው። መጀመሪያ አንበሳሜ ከተማ አንድ ሰው ያገለገለ አለው ተባልኩና በገበያ ቀን ሄድኩ። ሰውዬው ከቤቱ ጓሮ ይዞት ወጣ። ሰደፉ ተሰንጥቆ በከመነዳሪ ጎማ ተጠፍሯል። በአፈሙዙ በኩል ወደ ሰማይ ሳይ ብርሃኑ ክብ ሳይሆን ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ታየኝ።

«ይኼ ጎብጧል» አልኩት።

«አልጎበጠም። ሴት ጠመንጃ መምረጥ አትችልም፣ ወንድ ይዘሽ ነይ።»

«አንዴ ልሞክረው።»

«ቢሰበር ማን ሊከፍለኝ ነው?»

ሊሞከር የማይችል ጠመንጃ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ምን ይባላል? አንድ ቅዳሜዬን ከነመኪና ጥበቃው በልቶ ሰደደኝ። የማስተምርበት ደብረ ታቦር ስገባ ዝናብ ጀምሮ ነበር።

ቀጥሎ የሄድኩት ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ቁልፍ፣ ባትሪና የፀሐይ መብራት ወደሚሸጡት ነጋዴ ነው። ሁሉም «ሐጂ» ነው የሚላቸው። የአየር ጠመንጃ ማስመጣት ይችላሉ ተብዬ ነበር፤ ሐጂም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ዓይነት አስመጥተው ከመደርደሪያው ጀርባ ደረደሩልኝ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ብዬ ነበር የገባሁት፤ ነገር ግን ልዩነት ነበራቸው።

የመጀመሪያው አየር በጣሳ የሚይዝ ነው። ድንጋይ ይበሳል አሉኝ። ነገር ግን ጣሳውን የሚሞላ ረጅም የእጅ ፓምፕ ለብቻው መገዛት አለበት፤ ፓምፑም ከጠመንጃው ባልተናነሰ ዋጋ ነው። ደግሞስ ዳሌ ያመመው ሰው ቆሞ መቶ ጊዜ ሲነፋ ታየኝ። ተውኩት። ሁለተኛው በሞላ የሚሠራ ነው፤ አፈሙዙን ወደ ታች ሲሰብሩት ውስጡ ያለው ወፍራም ሞላ ይጨመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ተፈናጥሮ አየሩን ይገፋል። ሐጂ የወደዱት ይኼንን ነው። ሦስት ጊዜ በሁለት እጄ ታገልኩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳካልኝ፤ እሱም መዳፌን ላጠኝ።

«ጉልበቱ ነው ዋጋው» አሉኝ ሐጂ። «ይኼ አሞራ ይጥላል።»

«ሐጂ፣ የሚተኩሱት የታመሙ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ያቃተኝን እሳቸው እንዴት ይሰብሩታል?»

«ባለቤትሽስ ምን ይላል?»

«ባለቤት የለኝም።»

«እንግዲያው አባትሽን አምጫቸውና ራሳቸው ይምረጡ።»

«መምጣት ቢችሉማ ማሳውን በወንጭፍ ይጠብቁ አልነበር?» ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሎ ነበር። ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁና «አላህ ያሽራቸው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባለቤት አልጠየቁኝም።

ሦስተኛው ያው ባለ ሞላ ሆኖ ቀላል ነው። በአንድ እጅ ይሰበራል። ከላይ የተለጠፈበት ርካሽ መነጽር በሦስተኛው ተኩስ ስለተንገዳገደ አስወልቄ በብረቱ ማነጣጠሪያ ብቻ ሞከርኩት። አባቴ ቁጭ ብለው ስለሚተኩሱ እኔም ከሱቁ ጓሮ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሃያ እርምጃ ራቅ አድርጌ ያስቀመጥኩትን የሳሙና ካርቶን ሰባት ጊዜ መታሁ። ሰባቱም ቀዳዳ በአንድ የሻይ ስኒ አፍ ይሸፈናሉ። ዋጋውም ደመወዜ የሚችለው እሱን ብቻ ነበር። ሐጂ አሁንም ፊታቸውን አጨፍግገው «ይኼ የልጅ ነው፣ ድምፅ እንኳ የለውም» አሉ። እኔ ግን በጣም ኮርቼ ነበር። ሰው በሙሉ በጉልበትና በጎራሽ ሲመርጥ እኔ በተጠቃሚው ክንድ መረጥኩ አልኩ።

ማታውኑ ለአባቴ ደወልኩ። ክብደቱን፣ አሰባበሩን፣ ርቀቱን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ድምፁስ?» አሉ።

«ድምፅ የለውም አባየ! አንዷ ርግብ ብትመታ አጠገቧ ያለችው እንኳ አትሰማም።»

«እህ» አሉ። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ።»

ያችን «እህ» በዚያ ቀን አልመረመርኳትም። ተማሪ ሲጠይቀኝ ለምን እንደጠየቀ ሳልረዳ መልሱን የምዘረግፍ ሰው ነኝ፤ በአባቴም ላይ ያንኑ አደረግሁ።

ቀበሌ የሄድኩት በመንገድ እንዳልያዝ ወረቀት እንዲጽፉልኝ ነው። ይህ የሆነው መንገዱ ለሁላችን ከመጥበቡ በፊት ነው፤ ዛሬ ቢሆን ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዤ ከቤት አልወጣም። ጸሐፊው ቅጹን አውጥቶ የባለቤት ስም፣ የመሣሪያው ዓይነት ካለ በኋላ «የጎራሽ ብዛት» የሚለው ቦታ ላይ ቆመ።

«ስንት ጎራሽ ነው?»

«አንድ። ግን ጥይቱ ባሩድ የለውም፤ እርሳስ ብቻ ነው፤ የሚገፋው አየር ነው።»

«አየር ይጎርሳል ብዬ ልጻፍ?»

«የወፍ ማባረሪያ ብለህ ጻፈው!»

«በቅጹ ላይ እንደሱ የሚል ቦታ የለም እኮ እህቴ።» አለቃውን ለመጠየቅ ወጣ፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ ነገ ተባልኩ፤ ነገውም ሌላ ነገ ወለደ። በአራተኛው ቀን በባዶ ወረቀት ላይ «ድምፅ አልባ የወፍ ማባረሪያ መሣሪያ» የሚል ጽሑፍ ተጽፎ ማኅተም ተመታበት። «ድምፅ አልባ» የምትለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ።

ቡሄ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይዤው ደረስኩ። በየኮረብታው ጅራፍ ይጮኻል። አባቴ ጠመንጃውን ከጆንያው አውጥተው አገላብጠው አዩት፤ በመዳፋቸው መዘኑት፤ አፈሙዙን ሰብረው አንዷን እርሳስ አስገቡ። እጃቸው አልረሳም። ከድንጋይ አጥሩ ላይ ያስቀመጥኩትን የቲማቲም ጣሳ አነጣጥረው ቃታውን ሳቡ። ጥፍ የምትል ድምፅ ወጣች። ጣሳው ተገለበጠ።

አባቴ ጠመንጃውን ከፊታቸው ዝቅ አድርገው አዩትና «ይማርህ» አሉት።

«ምን አሉ አባየ?»

«አነጠሰ እኮ።»

የጠመንጃው ካርቶን ውስጥ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። በእንግሊዝኛው በኩል እያነበብኩ እተረጉምላቸው ጀመር፤ እርሳስ ሳይገባበት አይተኮስም፣ ተሰብሮ አይቆይም፣ ወደ ሰው አይዞርም። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ «ልጄ፣ አንቺ ጠመንጃ ልታስተምሪኝ ነው?» አሉ። ቀድሞውኑ በ«ይማርህ» ተናድጄ ነበርና መጽሐፉን ዘግቼ ካርቶኑ ውስጥ ጣልኩት። አራተኛዋን አላነበብኩላቸውም። እሷን እመለስባታለሁ።

እራት ላይ ሌላው ጉድ መጣ። ርግቦቹ ቡሄ እስኪያልፍ እንደማይመጡ ነገሩኝ፤ የጅራፉ ጩኸት አያስቀርባቸውም፤ ጅራፉ ዝም ባለ ማግስት ነው የሚወርዱት። «ሲወርዱ እንግዲህ አንድ አንድ እያሉ ይጥሏቸዋል» አልኳቸው።

«ርግብ? እኔ ርግብ አልመታም!»

«ምን?»

«መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል አይደል የወረደው? በዚህ ዕድሜዬ ርግብ ገድዬ ልሙት?»

«አባየ፣ በኦሪት ርግብ ለመሥዋዕት ይታረድ አልነበር?»

«በቤተ መቅደስ ነዋ። በገብስ ማሳ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ይህን ጠመንጃ ለምን አስገዙኝ?» አልኩ። ተነሥቼ ቆሜ ነበር።

«ለማባረር። ጠመንጃ ማለት ድምፅ ነው ልጄ። አንቺ ድምፅ የሌለው ይዘሽ መጣሽ።»

ሁለት ወር ሙሉ ስለ ክብደት፣ ስለ ሞላ፣ ስለ ርቀት ሳወጣ ሳወርድ ምን ሊያደርጉበት እንደሚፈልጉ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። «ድምፁስ?» ያሉኝ ጊዜ ጠይቀውኝ ነበር፤ ነግረውኝ ነበር። በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። በእሳቸው እንዳልናደድ እውነታቸውን ነው፤ በራሴ እንዳልናደድ ገንዘቡ ወጥቷል። በሐጂ ተናደድኩ፤ ምክንያቱም እሳቸውም ነግረውኝ ነበር።

ወደ ከተማ ተመለስኩ። የክረምት ኮርስ ነበረብኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ አልወጣም። ቡሄ አለፈ፤ ጅራፉም ጸጥ አለ። ስደውል «ወርደዋል» ይሉኛል፤ ሌላ አይሉም። ገብሱ ሊታጨድ ሃያ ቀን ያህል ነበር የቀረው። ክፍል ተቀምጬ አስተማሪው ስለ ምዘና ሲያወራ እኔ ርግብ ነበር የምቆጥረው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመኪና ወርጄ ዳገቱን ስጀምር ተኩስ ሰማሁ። ደግሞ ሌላ። ድምፁ ከእኛ ማሳ በኩል ነው። በዚያ ዳገት ሮጬ አላውቅም፤ ያን ቀን ሮጥኩ። ስደርስ አባቴ ከማሳው ዳር በሠራንላቸው ትንሽ ዳስ ሥር፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ያ የልጅ የተባለው ጠመንጃ አለ፤ ከአፈሙዙ ነጭ ጢስ ይወጣል፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ማሳው ላይ አንዲት ርግብ የለችም።

«አባየ! ምንድን ነው የተኮሱት?»

«እሱንው ነው። ተናገረ እኮ!» ፊታቸው በርቷል። እንደዚያ ሆነው ካየኋቸው ስንት ዓመቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ዕለት ጠመንጃ ሲያዝ እንደሚደረገው ሁሉ ሊወለውሉት ተነሡ። ድሮ የራሳቸውን ጠመንጃ በሚወለውሉበት መንገድ ጨርቅ በኑግ ዘይት ነክረው ውስጡን ቀቡት፤ አየሩ በሚወጣባት ቀዳዳም ጠብ አደረጉባት። ከዚያ እርሳስ አስገብተው ቢተኩሱ ጓ አለ። ርግቡ ሁሉ ተነሥቶ ወደ ገደሉ ሄደ። እሳቸውም ከዚያ ጀምሮ በየተኩሱ አንዳንድ ጠብታ ይጨምሩለታል።

«አንቺ በአየር ብቻ አኖርሽው» አሉኝ። «ርቦት ነበር። ዘይት ሳጎርሰው ጮኸ።»

ያች ያላነበብኳት አራተኛዋ መስመር ይቺ ነበረች፤ ወደ ውስጥ ዘይት አይግባ ትላለች። አየሩ በድንገት ሲጨመቅ ይግላል፤ ሲግል ዘይቱን ያነደዋል፤ የሚነደውም ሞላውንና አየር የሚያግደውን ጎማ ይሰባብራል። ይህንኑ በናፍጣ ሞተር ምሳሌ ለአሥራ አንደኛ ክፍል በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምራለሁ። ለአባቴ ግን አልነገርኩም፤ ለምን ቢባል በአንድ ቀልድ ተቀይሜ።

ጮኽኩባቸው። አዎ፣ በአባቴ ላይ ጮኽኩ። ሁለት ወር የደከምኩበት ዕቃ ነው አልኩ፤ ሞላው ይበጠሳል፣ መለዋወጫ በአገሩ የለም፣ ከተሰበረ ብረት ነው አልኩ። ቀበሌው ድምፅ አልባ ብሎ ማኅተም መትቷል፣ አሁን ማን ሊያምነኝ ነው አልኩ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ስንት ቀን ይቆያል?» አሉ።

«ምኑ?»

«እየጮኸ ስንት ቀን ይቆያል ሳይሰበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አምስት ቀንም፣ አሥር ቀንም።»

ወደ ማሳው አዩ። ዘለላው አንገቱን መድፋት ጀምሯል። «አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው» አሉ። ከዚያ የዘይት ብልቃጧን አንሥተው ክዳኗን ከፈቱ። ጠመንጃውን ሰበሩት፤ አንዲት ጠብታ አጎረሱት።

ልቀማቸው እችል ነበር። እጄ እስከ አፈሙዙ ሄዶ ነበር። ግን ምን ብዬ? ርግቦቹ ከገደሉ ተነሥተው እየዞሩ ነበር። አባቴ ወደ ሰማይ አነሡና ተኮሱ፤ እኔም ጆሮዬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። በዘጠነኛው ቀን ደወሉልኝ። «አረፈ» አሉ፤ ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሞላው ተበጥሷል፤ አፈሙዙ ሲሰበር ልል ሆኖ ይወድቃል። አጨዳው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ርግቡ ደግሞ ዝምታውን ሰምቶ ወርዷል። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት የተማሪ ምዝገባ ጀምረን ነበር። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ ሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ።

«ምክንያትሽ?»

«ወፍ ልጠብቅ ነው።»

የሳቁ ይመስለኛል፤ እስኪጨርሱ አልቆየሁም። ስመለስ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ጠብቆኛል፤ ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ።

ሦስቱን ቀን ጎሕ ሳይቀድ ጀምሬ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ በዚያ ማሳ ዳርና ዳር እየሮጥኩ ጮኽኩ። ድስት ቀጠቀጥኩ፣ ድንጋይ ወረወርኩ፣ ርግቦቹን የማልላቸው ነገር አልነበረም። ከወዲህ ሳስነሣቸው ወዲያ ያርፋሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ድምፄ መሻከር ጀመረ፤ በሦስተኛው ጭራሽ ተዘጋ። አባቴ ከዳሱ ሥር በከዘራቸው «በዚያ በኩል ናቸው!» እያሉ ይጠቁሙኛል። ዲግሪዬን ታቅፌ፣ ሞላና ግፊት ለይቼ የማውቅ ሰው፣ መጨረሻዬ እንደ ማንኛውም ወፍ ጠባቂ «እሽ! እሽ!» ማለት ሆነ። ከዚያ በላይ የሚያናድድ ነገር በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም።

ታጨደ። ተወቃ። የአምናውን ስልቻ የሚያህል ሳይሆን ጎታው ገደፉ ድረስ ሞላ። ያን ማታ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያን የሞተ ጠመንጃ ጭኔ ላይ አድርጌ እፈታታለሁ፤ ሞላው ሦስት ቦታ ተበጣጥሷል። የምጠግንበት መንገድ ሳጣ ግድግዳው ሥር ጣልኩት። ጠዋት ስነሣ ከጣልኩበት አልነበረም። አባቴ ወልውለው፣ ማንገቻ ጠፍር አድርገውለት፣ ኩላቡ ላይ ሰቅለውታል።

በዚያው ረፋድ እንግዳ መጣ፤ ነገረኛው ጎረቤታችን። አዲሱ ዘራቸው በክረምቱ መሐል ያለውን የረሃብ ጊዜ አላሳልፍ ብሏቸው ለከርሞ አንድ ቁና ደራሽ ሊለምኑ ነው የመጡት። እሱን ለመናገር ግን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሁሉም ነገር አወሩ። አባቴ ሳይለመኑ ወደ ጎታው ሄደው መስፈር ጀመሩ። ሽማግሌው ቀና ሲሉ ኩላቡን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ፤ የምታበሳጨኝ ፈገግታ ከንፈራቸው ላይ ስትመጣ አየኋት።

«ኧረ ምሰሶው ሰው ሆነ!» አሉ። «ለመሆኑ ስንት ጎራሽ ነው?»

ሰሞኑን ለዚህ ጥያቄ ያጠራቀምኩት ስድብ ብዙ ነበር። አባቴ ቀደሙኝ። ቁናውን በእጃቸው ሞልተው፣ ከአፉ ላይ የተቆለለውን ሳይጠርጉ የሰውዬው ነጠላ ላይ ገለበጡላቸው።

«ይኼ ጎራሽ አይደለም» አሉ። «አጉራሽ ነው። እንደ ልጄ።»

ሽማግሌው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሩ። እኔ ደግሞ ድምፄ ገና ስላልተመለሰልኝ ምንም አላልኩም።